ሁለት ምሳ በሀዋሳ

ከሀዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሐይቁ ነው። «እንዴት ነው፣ ያምራል?» ይሉኛል። ያምራል። ሐይቁን ያየሁት ግን በቁርስና በምሳ መካከል በተገኘች ክፍተት ብቻ ስለሆነ በቂ ምስክር አይደለሁም። ስለ ቁርሱና ስለ ምሳው ከሆነ ከእኔ የተሻለ ምስክር ደብረ ብርሃን ውስጥ አታገኙም። እናንተ የጸሎት ቤታችን ሰዎች ደግሞ ጸልያችሁ የላካችሁኝ ስለሆነ፣ ምን ሠርቼ እንደመጣሁ የማወቅ መብት አላችሁ።

እንደምታውቁት የተጠራሁት ከዓርብ እስከ እሑድ «እምነትን በኑሮ መግለጥ» በሚል ርዕስ እንዳስተምር ነው። ከከተማችን ውጭ ስጋበዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓርብ ስለ እውነተኛነት፣ ቅዳሜ ስለ ይቅርታ፣ እሑድ ስለ አገልግሎት ልናገር አሰናዳሁ። ለእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ነጥብ አወጣሁለት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ነጥቦቹ በጣም ደስ ብለውኝ ነበር።

ሐሙስ

ባለቤቴ ጽጌ ገና ሳይነጋ ሸኘችኝ። መጀመሪያ ሹራብ አስለበሰችኝ፤ በሹራቡ ላይ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ። «ኧረ ሀዋሳ ሞቃት ነው» ብላት፣ «ብርድ የሌለበት አገር አለ እንዴ?» አለችኝ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስምጥ ሸለቆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስለው ኖሬአለሁ። ግን በእግሬ ረግጬው ስለማላውቅ ደፍሬ ልከራከራት አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀይሬ የሀዋሳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሞጆን እንዳለፍን ላቤ ይንቆረቆር ጀመር። መስኮቱን ገርበብ ሳደርገው ከኋላዬ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ዝጋው! ነፋስ ይመታናል» አሉ። ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቼ በጣት ስፋት ብከፍተው አሁን ደግሞ አውቶቡሱ በሙሉ «ዝጋው!» አለኝ። ደብረ ብርሃን መስኮት የምንዘጋው ስለሚበርደን ነው። እዚያ ግን ሁላችንም እንደ ድንች እየተቀቀልን ነፋስ እንፈራ ነበር። ትዕግሥት ከነጥቦቼ አንዷ ስለሆነች ታገሥኩ። መቂ ላይ ጋቢውን አወለቅሁ፣ ዝዋይ ላይ ኮቱን፣ ከዝዋይ ወዲያ ሹራቡን። ሁሉንም አጣጥፌ ጭኔ ላይ ከመርኳቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ክምሩን ሲያይ ቆየና ሹራቡን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ስንት ነው የምትለው?» አለኝ።

ሀዋሳ መናኸሪያ ስወርድ ሁለት ሰዎች ጠበቁኝ፤ አብረው ግን አልነበሩም። አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ቆመዋል። በዕድሜ ገፋ ያሉት ጋሽ ሀመሶ ናቸው፤ የመኪና ጎማ ሱቅ አላቸው። ሁለተኛው ጴጥሮስ ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም እኩል ደረሱብኝና «እንኳን ደህና መጡ መምህር! ቤት እንሂድ» አሉኝ። ጋሽ ሀመሶ ክንዴን ያዙ፣ ጴጥሮስ ሻንጣዬን። ጋሽ ሀመሶ ወደ አንድ ባጃጅ አስገቡኝ፤ ሻንጣዬም በሌላ ባጃጅ ከጴጥሮስ ጋር ሄደች።

«ሻንጣዬ ወዴት ነው?» አልኩ።

«አይስጉ፣ እዚያው ነው። ጎረቤታሞች ነን» አሉ ጋሽ ሀመሶ።

«ታዲያ ለምን በአንድ ባጃጅ አልሄድንም?»

ጋሽ ሀመሶ ሾፌሩ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሚስቶቻችን አይነጋገሩም። አምና ልጃችንን ከዳርን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።»

«እናንተስ?»

«እኛማ ምን አጣላን? አሁንም መንገዱን አብረን ነው የመጣነው። የመናኸሪያው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ፣ ሰው አይቶ እንዳይነግርብን ተለያየን።»

መንገዱን ስለምትጠይቁኝ ልንገራችሁ፤ ሜዳ ነው። እኛ ጋ ባጃጅ ዳገት ሲወጣ ተሳፋሪውም አብሮ ያምጣል። ሀዋሳ ግን እንደ ምንጣፍ የተዘረጋች ናት፤ ባጃጁ ሳያቃስት፣ ዘንባባ በዘንባባ መካከል ፈሰሰ።

ሁለቱ ቤቶች በአንድ አጥር ይካፈላሉ። በአጥሩ መካከል ድሮ የሚመላለሱባት ትንሽ በር አለች። አሁን በወዲህ በኩል በርሜል ተገትሮባታል፤ በወዲያ በኩል ደግሞ፣ በኋላ እንዳየሁት፣ የአሮጌ አልጋ ራስጌ ተደግፎባታል። የጋሽ ሀመሶ ባለቤት እትዬ ማርታ የጋበዘችኝን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ይመራሉ። የጴጥሮስ ባለቤት እትዬ አበበች የእንግዳ መስተንግዶ ኃላፊ ናቸው። እንግዳው ማን ዘንድ ይረፍ በሚለው ሁለቱም አልበገር ስላሉ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ወንጌላዊ ተጨንቀው ተጠበው «እትዬ ማርታ ቤት ይደር፣ እትዬ አበበች ቤት ይብላ» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ በወረቀት ደረጃ ጥሩ ፍርድ ነበር።

እግሬን ከመታጠቤ እትዬ ማርታ ቡርሳሜ አቀረቡልኝ። ቆጮ ነው፣ በቅቤ የታሸ። ደብረ ብርሃን ቅቤ ወጥ ላይ ጠብ ይላል፤ እዚያ ምግቡ ቅቤ ውስጥ ይዋኛል። «እራት እዚያ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ እየጨመሩልኝ። «ይሄ እራት አይደለም፤ የመንገድ አቧራ ማራገፊያ ነው።» አቧራዬ ሦስት ጊዜ ተጨምሮልኝ ተራገፈ።

ወዲያው ጴጥሮስ በዋናው በር ዞሮ መጣና እራት ቀርቧል ብሎ ወሰደኝ። እትዬ አበበች ዶሮ ሠርተዋል። ገና ሳልቀመጥ፣ «እዚያ ምንም አልቀመሱም አይደል?» አሉኝ።

«ትንሽ…» አልኩ።

«ትንሽ?» አሉ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አይዞዎት፣ እኛ ጋ ይካሳሉ።»

ተካስኩ።

ዓርብ

ቁርስ እትዬ ማርታ ቤት ጨጨብሳ ነበር፤ «ቁርስ አይደለም፣ አፍ ማሟሻ ነው» ተባለ። ቁርስ እትዬ አበበች ቤት ፍርፍርና እንቁላል ነበር። እትዬ ማርታ ቤት «እዚያ ምን አበሉዎት?» ስባል «እግዚአብሔር ይስጣቸው» እላለሁ፤ እትዬ አበበች ቤት «እዚያ አልበሉም አይደል?» ስባል እስላለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ስለ እውነተኛነት የማስተምር ሰው ነበርኩ።

ከቁርሶቹ በኋላ ጋሽ ሀመሶ አሞራ ገደል ወሰዱኝ። ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን ከጀልባ አውርደው እዚያው የሚሸጡበት የሐይቅ ዳርቻ ነው። ሐይቁን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰፊ ነው፤ ዝም ያለ ነው። እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት አባ ኮዳ በሚሏቸው ትልልቅ አሞሮች ላይ ነው። ቁመታቸው ወገብ ያልፋል፣ ራሳቸው መላጣ ነው፣ ጥቁር ክንፋቸውን እንደ ኮት ደርበው፣ አንገታቸውን ቀበር አድርገው በቡድን ይቆማሉ። ሽማግሌዎቻችን ከጉባኤ በኋላ ደጃፍ ላይ ሲመክሩ ልክ እንደዚያ ናቸው፤ እንዳትቀየሙኝ።

ጴጥሮስ ከቢሮ ሾልኮ ቀድሞን ደርሶ ኖሯል። ከጋሽ ሀመሶ ጋር ተቃቅፈው ተሳሳቁ። ለካ ሳምንት በሳምንት እዚያ ይገናኛሉ። ሁለት የተከበሩ ባሎች ዓሣ ለመብላት እንደ ኮረዳና ጎረምሳ ተደብቀው ሲቀጣጠሩ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

«ለምን አታስታርቋቸውም?» አልኳቸው።

«ሞክረን ነበር» አለ ጴጥሮስ። «ሁለቱም ጠቡን ትተው እኛን ያዙን።»

«ጸልየናል፣ ጾመናል» አሉ ጋሽ ሀመሶ። ፊታቸው ድንገት የደከመ መሰለኝ። «ማርታ ዱሮ ጠዋት ጠዋት በዚያች በር እየሄደች ነበር የምትስቀው። ሳቋ ሱቄ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። መምህር፣ ነገ ስለ ይቅርታ ሲያስተምሩ ጠበቅ ያድርጉት።»

ጠበቅ ላደርገው ቃል ገባሁ። በዚህ ጊዜ ጴጥሮስ ጥሬ ዓሣ በዳጣ አቀረበልኝ። ዳጣ የተፈጨ ቃሪያ ነው፤ ጆሮ ይከፍታል። ደብረ ብርሃን ዓሣ የምናውቀው በጾም ወራት፣ ያውም ከሰል እስኪሆን ተጠብሶ ነው። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና ዋጥኩት። ቀጥሎ የተጠበሰ መጣ። ቀጥሎ የዓሣ ሾርባ። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ ምሳዬን በላሁ። ከዚያም በዋናው በር ዞሬ ምሳዬን በላሁ።

ማታ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ የከተማው ሰው። እትዬ ማርታ በቀኝ በኩል፣ እትዬ አበበች በግራ በኩል፣ ሁለቱም ፊተኛው ወንበር ላይ። ስለ እውነተኛነት እየተናገርኩ ሳለ የጋሽ ሀመሶ ዓይን ስላስጨነቀኝ፣ ሳላስበው ወደ ቅዳሜው ትምህርት ገባ አልኩና «ከወንድሙ ጋር ተቀያይሞ የሚያመልክ ሰው…» ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ማርታ ወደ ግራ እያዩ «አሜን!» አሉ። እትዬ አበበች ወደ ቀኝ እያዩ ከዚያ በሚበልጥ ድምፅ «አሜን!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ በአሜን የታጀበ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

ስወጣ እትዬ ማርታ እጄን ያዙኝ። «ተባረኩ መምህር! ለእሷ የሚሆን ቃል ነው የመጣው።» ሦስት እርምጃ ሳልራመድ እትዬ አበበች ደረሱ። «ጌታ ይባርክዎት። ደርሷታል፣ ፊቷን ሳየው ደርሷታል።» ከዚያም እራት ቀረበ። የት እንደቀረበ ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሆዴ ፍርዱን ሰጠ። ዝርዝሩን እተወዋለሁ። እትዬ ማርታ ሳፋ ይዘው ገቡ፣ ባዶ ሳይሆን ይዘው ወጡ፣ አጥበው ተመለሱ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቼ «እትዬ፣ ይተዉት፣ እኔ…» ስል «ዝም ይበሉ መምህር» ይሉኛል፤ እንደገና ሳፋውን መጠቀም ስለሚያስፈልገኝ ዝም እላለሁ።

ቁርስ ሰዓት አለፈ። እትዬ አበበች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ጠበቁኝ። የሰሙት ድምፅ ግን የቁርስ ድምፅ አልነበረም። ያን ጊዜ ከአጥሩ በኩል የአልጋው ራስጌ ሲጎተት ሰማሁ፤ ቀጥሎ በርሜል ተገለበጠ። እትዬ አበበች በዚያች ትንሽ በር ጥሰው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ በእጃቸው ነጭ ሽንኩርት ይዘው ክፍሌ ውስጥ ቆሙ። እትዬ ማርታ ዝንጅብል ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ሁለቱ ተፋጠጡ። እኔ እንኳ ማቃሰቴን አቆምኩ።

«ዝንጅብል ነው የምትሰጪው?» አሉ እትዬ አበበች በመጨረሻ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ታዲያ ምን ልስጠው?»

«ባዶ ሆድ ላይ ዝንጅብል! ልትገድይው ነው?»

«የገደልሽው አንቺ! ምን አብልተሽው ነው?»

«እኔ? ንጹሕ እራት ነው ያበላሁት። አንቺ ነሽ ሳይበላ ያሳደርሽው።»

«ማን ሳይበላ? ሁልጊዜ አብልቼ ነው የምልክልሽ!»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር» አሉ እትዬ አበበች፣ «እዚህም ይበሉ ነበር?»

«አዎ» አልኩ።

«ሁልጊዜ?» አሉ እትዬ ማርታ። «ሁለታችንም ጋ ሙሉ ምግብ?»

«አዎ። ዓርብ ጥሬ ዓሣም በልቻለሁ።»

«ጥሬ ዓሣ ማን ሰጠዎት?»

ባሎቻቸውን አሳልፌ ልሰጥ አልፈለግሁም፤ ነገር ግን ደክሞኝ ነበር። «ጋሽ ሀመሶና ጴጥሮስ። አሞራ ገደል፣ አብረው።»

«አብረው?» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ተያዩ። መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣቸው እትዬ ማርታ ናቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሊይዙት ሞከሩ፣ አልሆነም። እትዬ አበበች በሩን ተደግፈው ቁጭ እስኪሉ ድረስ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስሞክር ሳፋው አስፈለገኝ። በዚህ ጊዜ ሳፋውን የያዙልኝ እትዬ አበበች፣ ግንባሬን የያዙኝ እትዬ ማርታ ነበሩ።

ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

«በልጄ ሠርግ ያን ሁሉ ሰው ፊት ወጡ ጨው የለውም ማለት ነበረብሽ?» አሉ እትዬ ማርታ ቀስ ብለው።

«አልነበረብኝም» አሉ እትዬ አበበች። «ጨውም ነበረው። አንቺ አጠገብ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ስታስቀምጪ ከፍቶኝ ነው።»

«ዘመድ ነበረች እኮ።»

«እኔስ?»

እትዬ ማርታ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ጀመር። እትዬ አበበች ድምፃቸው ተለውጦ ቀጠሉ። «ከተጣላን በኋላ እናቴ የሞተች ጊዜ ጴጥሮስ ገንፎ እያመጣ ያበላኝ ነበር። አልጋ ይዤ ሌላ ነገር አልወርድ ሲለኝ። ለአንዲት ሴት ከፍዬ አሠራሁት ይለኛል። ድስቱ የማን እንደሆነ የማላውቅ መስሎታል።»

«አውቀሽ ነበር?»

«እጀታው የተሰበረውን ድስትሽን አላውቀውም? እስካሁን እኔ ጋ ነው። ልመልሰው በሩ ድረስ እመጣና እመለሳለሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔም በተዘጋ ዓይኔ ሥር እንባዬ መጣ፤ ሆዴን አሞኝ እንዲመስል አቃሰትኩ። ወዲያውም ስለ ነጭ ሽንኩርቱና ስለ ዝንጅብሉ ካቆሙበት ቀጠሉ። ተስማምተው ሁለቱንም አጠጡኝ።

«ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከማናቸውም አልሰማሁም። ያን ዕለት ማታ ላስተምራቸው ያሰናዳሁት የይቅርታ ትምህርት ግን «ይቅርታ» ከሚለው ቃል ይጀምር ነበር፤ ነጥብ አንድ እሱ ነበር። ትምህርቱ ቀረ፤ አልጋ ላይ ነበርኩ። ወንጌላዊው መጥተው ጸለዩልኝና «ጠላት እኮ ይሄን ትምህርት ሊያስቀር ነው የመታዎት» አሉኝ። ጠላት ቢሆን እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም ብዬ አሰብኩ፤ ግን እንግዳ ስለሆንኩ አሜን አልኩ።

እሑድ

ስለ ሰኞው መመለሻዬ የምነግራችሁ ብዙ የለም። መስኮቱ እንደተዘጋ ነበር። ጽጌ ከስቻለሁ ብላ ተቆጣች። ስለ እሑድ ግን መጨረስ አለብኝ።

ጉልበቴ ስላልጠነከረ ጋሽ ሀመሶ እስከ መድረኩ ደግፈው አደረሱኝ። ከሦስቱ ነጥቦች የቻልኩት አንዱን ነው። ስለ አገልግሎት ተናገርኩ፤ ሳፋ ስለያዙልኝ እጆች ነገርኳቸው፣ ስም ሳልጠራ። ረጅም አልሆነም። ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ «መምህር፣ እንደ ዛሬው ቢያጥር ሁልጊዜ እንመጣለን» አለኝ፤ ምስጋና እንደሆነ አድርጌ ተቀብዬዋለሁ።

ይቅርታን እንዲሰሙ የተመኘሁላቸው ሁለቱ ሴቶች አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። በፕሮግራሙ መጨረሻ ለጉባኤው ምሳ ስለነበረ ከአዳራሹ ጀርባ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። መካከላችን ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። ለመዝጊያው ጸሎት ዓይናችንን ጨፍነን፣ ሁሉም በጸጥታ እንደቆመ፣ የእትዬ ማርታ ድምፅ በቆርቆሮው አልፎ መጣ።

«ኧረ አበበች፣ ሽንኩርቱን አሳረርሽው!»

«አንቺ ነሽ እሳቱን የቆሰቆስሽው! ዞር በይልኝ!»

ቀጥሎ የድስት ክዳን ወደቀ፣ ቀጥሎ የሁለት ሴቶች ሳቅ፣ አዳራሹን የሚያናውጥ። ጸሎቱ ቆመ። ተማሪዎቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። የአዳራሹ አስተናጋጅ ደንግጦ፣ ሄዶ ዝም ሊያሰኛቸው በጎን በር ሊወጣ ሲል ጋሽ ሀመሶ ክንዱን ያዙት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ተዋቸው ልጄ» አሉት። «ይሄን ጭቅጭቅ ለማግኘት ስንት ጾመናል!»